ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ

ዶሮቲያ ላንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ በተባለው ግዛት ተወለደች። ሰባት ዓመት ሲሆናት የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሯን ስለ ጎዳው ዕድሜዋን ሁሉ እያነከሰች ኖረች። በልጅነቷ በዚህ ታፍር ነበር፤ ኋላ ግን ችግረኞች እንደ ባዕድ እንዳይሸሿት የረዳት ይኸው ጉድለቷ መሆኑን ታምን ነበር።

በ1918 ዓለምን ለመዞር ከጓደኛዋ ጋር ተነሥታ ሳን ፍራንሲስኮ ስትደርስ ገንዘባቸው ስለ ተሰረቀ እዚያው ሥራ ይዛ ቀረች። በዓመቱ ፎቶግራፍ ቤት ከፍታ ባለጸጎችን እያነሣች ትተዳደር ጀመር። ይሁን እንጂ ከ1929 በኋላ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሥራ አጣ። ዶሮቲያም ሥራ ፈቶች ሲንከራተቱ ከመስኮቷ ትመለከት ስለ ነበር፣ በ1933 ካሜራዋን ይዛ ወደ ጎዳና ወረደች።

ከ1935 ጀምሮ፣ በድርቅና በዕዳ ከመሬታቸው ተፈናቅለው ወደ ካሊፎርኒያ የሚጎርፉትን ገበሬዎች ኑሮ በፎቶግራፍ እንድትመዘግብ መንግሥት ቀጠራት። በማርች 1936 ኒፖሞ በተባለ ስፍራ የአተሩ ሰብል በውርጭ ጠፍቶ ለቃሚዎቹ ተርበው ነበር። በዚያም አንዲት የ32 ዓመት እናት ከልጆቿ ጋር በአሮጌ ድንኳን ሥር ተቀምጣ አገኘች። ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን በእናታቸው ትከሻ ደብቀዋል፤ ሕፃኑ በጭኗ ላይ ተኝቷል፤ እርሷ ግን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሩቅ ትመለከታለች። ወሬው በጋዜጣ እንደ ወጣ መንግሥት 90 ኩንታል ያህል ምግብ ላከ። ምግቡ ሲደርስ ግን ያች እናት ሥራ ፍለጋ ከስፍራው ሄዳ ነበር። ዶሮቲያ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። ማንነቷ በ1978 ሲታወቅ፣ ዓለም ያደነቀው ፎቶግራፍ ለእርሷ አንዳች ጥቅም እንዳላመጣላት በምሬት ተናገረች።

ጃፓን በ1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ከጃፓን የሚወለዱ 120,000 ያህል ሰዎችን ያለ ክስና ያለ ፍርድ በካምፕ አጎረ። ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። በ1942 ይህንኑ እንድትመዘግብ ዶሮቲያ እንደገና ተቀጠረች። የእሾህ ሽቦውን፣ የጥበቃውን ማማና መሣሪያ የያዙትን ወታደሮች እንዳታነሣ ተከለከለች። ክልከላው ግን አልበቃም። ወደ ካምፕ ሊወሰዱ የተቃረቡ የትምህርት ቤት ሕፃናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአሜሪካ ባንዲራ ታማኝነታቸውን ሲገልጹ አነሣች። ይህን የተመለከተ ሰው ጠላቱ የቱ እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ሠራዊቱ ሥዕሎቹን ያዘ፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሳይታዩ ቀሩ።

ዶሮቲያ ላንግ በኦክቶበር 1965 በካንሰር ሞተች። ታማ ሳለች ያሰናዳችው ትልቅ ኤግዚቢሽን በሚቀጥለው ጃንዋሪ በኒው ዮርክ ተከፈተ። መንግሥት በ1988 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ፣ በሕይወት ለነበሩት የካምፕ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ ወሰነ። በብሔራዊው ቤተ መዛግብት ተቀምጠው የኖሩት ፎቶግራፎችም አብዛኞቹ ሳይታተሙ ቆይተው፣ ከመቶ የሚበልጡት በ2006 በመጽሐፍ ወጡ።