እየተንተባተበ ፊልም ያስተማረው አንድሬ ባዛን

አንድሬ ባዛን የተማረው አስተማሪ ለመሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደው ይህ ልጅ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ ግን ይንተባተባል። የመምህርነት የቃል ፈተናው ላይ ምላሱ ተያዘና ወደቀ። አለቀ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስተማር ቀረ።

ታዲያ ምን አደረገ? በጀርመን በተያዘችው ፓሪስ የፊልም ክበብ ከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ «ሥራና ባህል» በተባለ ድርጅት በኩል ፊልም ይዞ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞረ። ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የዋሉ ሰዎች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ፊልሙን ያሳያል፣ መብራት ይበራል፣ ጥያቄ ይጀምራል። አዘውትሮ የሚያሳየው የማርሴል ካርኔን «ለ ዡር ስ ሌቭ» ነው። ሰው ገድሎ ክፍሉ ውስጥ የተቆለፈ፣ ፖሊስ የከበበው ሠራተኛ ታሪክ ነው። ባዛን ስለ መልእክቱ ከመጠየቁ በፊት ዕቃውን ይጠይቃል፦ ክፍሉ ውስጥ ምን ምን ዕቃ አያችሁ? ሙዚቃው የቱ ጋ ገባ? ሰዉ አሁን ከዓይኑ ስር ያለፈውን ለማስታወስ ይታገላል። ቀስ እያለ እያንዳንዱ ዕቃ ስለ ሰውየው ኑሮ እንደሚናገር ይገባዋል። (ሞክሩት እስቲ፣ ትናንት ባያችሁት ፊልም።) ባዛን ስለዚሁ ፊልም የጻፈው ትንታኔም የተወለደው ከነዚህ ውይይቶች ነው።

በ1948 አንድ የ16 ዓመት ልጅ መጣበት። ልጁም የራሱ ክበብ አለው፤ የሁለቱ ፕሮግራም ስለተጋጨ ባዛን ሰዓቱን እንዲቀይር ሊጠይቅ ነው የመጣው። ድፍረት እኮ ነው! ልጁ ፍራንሷ ትሩፎ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ክበቡ ዕዳ ውስጥ ከተተው፣ አባቱም ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። ያስወጣው ባዛን ነው፤ ሥራም ሰጠው። ትሩፎ በኋላ ከጦር ሠራዊት ጠፍቶ ሲታሰርም ደግሞ ያው ባዛን ደረሰለት፤ ቤቱ አስገብቶም አኖረው። በ1951 ከጓደኞቹ ጋር ባቋቋመው «ካዬ ዱ ሲኔማ» መጽሔት ላይም እንዲጽፍ በር ከፈተለት። ልጁ ታዲያ ብዕሩ ስለታም ሆነ፤ አንዳንዴ ከአሳዳጊው ጋር ራሱ አይስማማም ነበር።

ባዛን ግን ጤና አልነበረውም። መጀመሪያ ሳንባ ነቀርሳ፣ በኋላ የደም ካንሰር። ኅዳር 10 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ትሩፎ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን፣ «አራት መቶዎቹ ምቶች»ን፣ መቅረጽ ጀመረ። ቀረጻው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ባዛን አልጋ ሄደ። ባዛን በዚያው ሌሊት አረፈ። 40 ዓመቱ ነበር።

ፊልሙ በቀጣዩ ዓመት ካን ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አሸነፈ። መግቢያው ላይ የተጻፈው መታሰቢያ ለአንድሬ ባዛን ነው።