አንቷን ዳባዲና የግቤ ሸለቆ ካርታ

የጥንት ካርታ የሚያነብ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ካርታውን ያነሣው ሰው የትኛው ተራራ ላይ ቆሞ ምን እንዳየ ነው። አንቷን ዳባዲ ያነሣውን የግቤን አገር ስንመረምር ይህ ጥያቄ ዋና ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው በፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ላይ ወርዶ፣ እስከ 1848 ባለው ጊዜ አገራችንን ከሰሜን እስከ ደቡብ ዞረ። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም የታወቀ ነው። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበን ግን የልኬት ሥራው ነው።

ሰንሰለት ዘርግቶ መነሻ መስመር መለካትና በየተራራው ምልክት ማቆም ለመንገደኛ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ የሩቅ ተራሮችን አቅጣጫ በቴዎዶላይት ለካ፤ ኬክሮሱን ከፀሐይና ከከዋክብት አወጣ፤ ከፍታውንም ውሃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን አሰላ። በዚህ ዘዴ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ የተያያዘ የነጥቦች መረብ ሠራ። ስሌቱም ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በየክፍሉ ታተመ።

በ1843 ወደ ከፋ የዘለቀው፣ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ሙሽራ እንዲያመጣለት የላከውን አጀብ ተከትሎ ነበር። የዛሬ ቀያሽ የይለፍ ደብዳቤ ይይዛል፤ የእሱ ይለፍ ሠርጉ ነበር ማለት ይቻላል።

ዋና ምኞቱ ግን የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። በ1846 ከወንድሙ ጋር ከግቤ ራስጌ ደርሶ፣ ምንጩ ይህ ነው ሲል ለአውሮፓ አስታወቀ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተቃወመው፤ እውነቱም ከተቃዋሚው ጋር ነበር። ስሕተቱ ከመሣሪያው አልመጣም። ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ወንዝ ግን በጥልቅ ሸለቆ ይሰወራል። ግቤ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ከሆነ በኋላ በቆላው ወዴት እንደሚያቀና ከደጋው ጫፍ ላይ ሆኖ መለካት አይቻልም። በእኔ አስተያየት ያን ባዶ ቦታ የሞላው ወሬና ምኞት ነው። ስለዚህ የዳባዲን ካርታ ከዛሬው ካርታ ጋር የሚያስተያይ ሰው በልኬት የተተከሉትን ነጥቦችና በግምት የተሳቡትን የውሃ መስመሮች ለይቶ ይመልከት። በመስመሮቹ ስሕተት ነጥቦቹን መጣል ትልቅ በደል ነው።

ዳባዲ በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1896 የጣሊያናዊው የቦቴጎ ጓድ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ፣ ወንዙ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። ዳባዲም በማግስቱ ዓመት በ87 ዓመቱ ዐረፈ።