ለደከመው ዓይን መነጽር የፈረደ ሐኪም፤ የፍራንሲስኩስ ዶንደርስ ሕይወት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ፣ ዓይኑ ሲያዩት ጤነኛ የሆነ ተማሪ ጥቂት ካነበበ በኋላ ፊደሉ እየደበዘዘበት፣ ግንባሩን እያሻሸ መጽሐፉን ቢከድን፣ ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነበር። ወይ ሰነፍ ነው ይባላል፤ ወይም ዓይኑ እንዳይጠፋ ትምህርቱን ይተው ተብሎ ይመከራል። ይህ ፍርድ እንዲሻር ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው የሆላንድ ሐኪምና መምህር የነበረው ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ ነው።

ዶንደርስ በ1818 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቲልቡርግ ከተማ ተወለደ። ከስምንት ሴቶች ልጆች በኋላ የተገኘ ወንድ ልጅ ነበር። አባቱ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ በእናቱ እጅ አደገ። በሰባት ዓመቱ ዱይዝል በምትባል መንደር ወደሚገኝ አዳሪ ተማሪ ቤት ተላከ፤ በዚያም ገና በልጅነቱ ሌሎችን ልጆች በማስተማር የትምህርቱን ወጪ ይረዳ ነበር። እንግዲህ መምህርነትን የጀመረው ከሐኪምነት አስቀድሞ ነው ማለት ይቻላል።

በ1835 ዓ.ም. በዩትሬክት ከተማ ወደ ነበረው የጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። የዶክተርነት ማዕርግ ከተቀበለና ጥቂት ጊዜ በጦር ሐኪምነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1842 ዓ.ም. ወደዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተመለሰ። ገቢውን ለመደገፍ መጻሕፍት ይተረጉም ነበርና፣ ሩቴ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ዓይን ሕክምና የጻፈውን መጽሐፍ ወደ አገሩ ቋንቋ ሲመልስ የዓይን ነገር አሳቡን ማረከው። በ1847 ዓ.ም. የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1851 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዶ ከታወቀው የዓይን ሐኪም ከፎን ግሬፈ ጋር ተዋወቀ፤ ወዳጅነታቸውም ጸና። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1852 ዓ.ም. የዓይን ሕሙማንን ማከም ጀመረ።

በዚያን ዘመን መነጽር የሐኪም ጉዳይ ተብሎ አይቈጠርም ነበር። ገዢው ወደ ነጋዴው ሄዶ አንዱን ሲያነሣ አንዱን ሲጥል ቈይቶ የተስማማውን ገዝቶ ይሄዳል። ሐኪሞቹም ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ለንባብ የሚያደርጉትን መነጽር ለወጣት መስጠት ዓይኑን ማበላሸት ነው ብለው ይፈሩ ነበር።

የዶንደርስ ታላቅ ሥራ ተደባልቀው የኖሩትን ሁለት ነገሮች መለየቱ ነው። የመጀመሪያው ዓይን በተፈጥሮው የተሠራበት መጠን ነው። ዓይኑ ረዘም ያለ እንደ ሆነ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ወደ ኋለኛው ስስ ሽፋን ሳይደርስ ይገናኛል፤ እንዲህ ያለው ሰው የቅርቡን እንጂ የሩቁን አጥርቶ አያይም። ዓይኑ አጠር ያለ እንደ ሆነ ግን የብርሃኑ መገናኛ ከሽፋኑ ወደ ኋላ ያልፋል። ሁለተኛው የዓይን ሥራ ነው፤ ይኸውም ቅርብ ያለውን ለማየት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በጡንቻ ኃይል መወፈሩ ነው። ይህ ኃይል በዕድሜ ብዛት ይቀንሳልና፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው መጽሐፉን ከዓይኑ እያራቀ ይይዛል። ከዶንደርስ በፊት የእርጅና ዓይን የቅርብ ብቻ አይዎች ተቃራኒ ነው ይባል ነበር። እርሱ ግን የረዘመው ዓይን ተቃራኒ ያጠረው ዓይን መሆኑን፣ የእርጅናው ግን በሁሉም ላይ የሚደርስ ሌላ ነገር መሆኑን አስረዳ።

የዚያም ተማሪ ምሥጢር የተገለጠው በዚህ ነው። ዓይኑ ያጠረ ልጅ ሩቁን ለማየት እንኳ የሌንሱን ጡንቻ ያሠራል፤ ሲያነብ ደግሞ እጥፍ ድርብ ይደክማል። ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል፤ ሲመለስ ያው ነው። ስለዚህ ዶንደርስ ሕመምተኛው መቼ እንደሚደክመው፣ ምን ሲሠራ እንደሚብስበት፣ ካረፈ በኋላ ምን ያህል እንደሚሻለው የሚናገረውን በጥንቃቄ መርምሮ ከመለኪያው ጋር ያስተያይ ነበር። መድኃኒቱም ትምህርትን መተው ሳይሆን መካከሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀጭን የሆነ መስተዋት ያለው መነጽር ሆነ። ለረዘመው ዓይን ግን መካከሉ ቀጭን፣ ጠርዙ ወፍራም የሆነው ይስማማል። የብዙ ልጆች ዓይን ወደ አፍንጫ መንሸዋረሩም ከዚሁ ካጠረው ዓይን ድካም እንደሚመጣ ገለጠ።

በ1858 ዓ.ም. በተዋጣ ገንዘብ ለድኆች የዓይን ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል በዩትሬክት አቋቋመ። በዚያ የረዳው ሄርማን ስኔለን በ1862 ዓ.ም. ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደላት ያሉበትን የማያ ሰሌዳ አወጣ። ይህ ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተመርማሪው በ6 ሜትር ርቀት ሆኖ ያነበዋል፤ የአንዱም ዓይን ኃይል ከሌላው ጋር በቁጥር ይመዘናል። ዶንደርስ የምርምሩን ፍሬ ከ600 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ሰብስቦ በ1864 ዓ.ም. በለንደን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ማዘዝ በግምት መሆኑ ቀርቶ በልክ የሚሠራ ዕውቀት ሆነ።

በ1888 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ሲሞላው ከማስተማር ሥራው ተሰናበተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በ1889 ዓ.ም. በዩትሬክት ዐረፈ። በ1921 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሐውልት ቆሞለታል።

ዕውቀቱ ይህን ያህል ዘመን ቢያልፈውም፣ ባልታረመ ዓይን ምክንያት ከትምህርት ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ ዛሬም አልጠፋም። ልጁ ራሱ አላይም ብሎ ላይናገር ይችላል፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና። ሐኪሙ የሚያገኘው የተላከለትን ልጅ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከፊቱ ተቀምጦ የሚያየው ግን መምህሩ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨፈግግ፣ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ፣ ንባብ ጀምሮ ቶሎ የሚሰለች ልጅ ባጋጠመ ጊዜ ስንፍናውን ከመዝገብ አስቀድሞ ምን እንደሚያይ መጠየቅና ወደ መርማሪ መላክ ከመምህር የሚጠበቅ ተግባር ነው። ዶንደርስ በመለኪያ የሻረው ፍርድ በክፍል ውስጥ ተመልሶ እንዳይፈረድ የሚጠብቀው መምህሩ ነው።