ከአገረ ገዥነት ወደ ጵጵስና

ቅዱስ አምብሮስዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ340 ዓ.ም. ገደማ፥ ዛሬ በጀርመን አገር በምትገኘው በትሪር ከተማ ከሮማ መኳንንት ወገን ተወለደ። አባቱ በጋልያ ከፍተኛ የመንግሥት ሹም ነበረ። ልጁም በሮማ ሕግንና የንግግርን ጥበብ ተምሮ በጥብቅና ከሠራ በኋላ፥ የሊጉርያና የኤሚልያ አገረ ገዥ ሆኖ በሚላኖ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ለአንድ የመኳንንት ልጅ ከዚህ የተቃና መንገድ አይገኝም ነበር።

በ374 ዓ.ም. የከተማይቱ ጳጳስ አርዮሳዊው አውክሴንትዮስ ሲሞት፥ የኒቅያን ሃይማኖት የያዙትና አርዮሳውያኑ ስለ ተተኪው ተጣሉ። አገረ ገዥው ሁከት እንዳይነሣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሕዝቡን ሲያረጋጋ፥ ታሪኩን የጻፈው ጳውሊኖስ እንደሚነግረን፥ አንድ ሕፃን የእርሱን ስም ለጵጵስና ጠርቶ ጮኸ፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። ይህ ሰው ግን ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነበረ እንጂ ጥምቀትን እንኳ አልተቀበለም።

ከሹመቱ ለመሸሽ ያላደረገው የለም። ሌሊት ከከተማ ወጥቶ ሲሄድ አድሮ፥ ቢነጋ ራሱን እዚያው በሚላኖ በር አገኘው ይባላል። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንቲንያኖስ ምርጫውን ስላጸደቀ እሺ አለ፤ ተጠመቀ፥ በስምንት ቀንም ውስጥ ጵጵስናን ተቀበለ። ወርቁንና ብሩን ለድኆች ሰጠ።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሳይማር ለማስተማር እንደ ተገደደ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ትናንት በዳኝነት ወንበር የተቀመጠው ሰው ከሲምፕሊክያኖስ እግር ሥር ተማሪ ሆነ። የግሪክን ቋንቋ ያውቅ ስለ ነበር የባስልዮስን የስድስቱን ቀን ፍጥረት ትርጓሜ ተከትሎ በላቲን አክሲማሮስን ደረሰ። አውግስጢኖስ ሊጠይቀው ሲመጣ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ ያገኘው ነበር። ያው አውግስጢኖስም የንግግር መምህርነቱን ትቶ በ387 ዓ.ም. በእርሱ እጅ ተጠመቀ።

የቀድሞ ሙያውም ከንቱ አልቀረም። ምርኮኞችን ለመዋጀት ንዋያተ ቅድሳትን ባቀለጠ ጊዜ አርዮሳውያን ቢነቅፉት፥ እንደ ጠበቃ ነገሩን አስረድቶ ተሟገተ። በ390 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ የተሰሎንቄን ሕዝብ ባስፈጀ ጊዜም፥ ንጉሡ ባለበት መሥዋዕቱን ማቅረብ እንደማይቻለው በገዛ እጁ ጽፎ ላከለት። በደጅ አቁሞ ከለከለው የሚለው ትረካ ኋላ የመጣ ነው፤ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ አለ። ንጉሡም በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ።

በ397 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እጆቹን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ ሲጸልይ ቆየ፤ ለቀዳም ሥዑር አጥቢያም ቅዱስ ቁርባንን ተቀብሎ ዐረፈ።