አለቃ ገብረ ሐና

ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የፎገራ ሜዳ ይገኛል። የርብና የጉማራ ወንዞች በዚህ ሜዳ ዐልፈው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም በሞሉ ጊዜ ውሃቸው ሜዳውን ይሸፍነዋል። አገሩ በከብቱና በእህሉ የታወቀ ነው፤ በዘመናችንም ሩዝ በብዛት ይዘራበታል። በዚሁ አገር፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል ስፍራ፥ በ1814 ዓመተ ምሕረት አንድ ሕፃን እንደ ተወለደ ይነገራል። ይህም ሕፃን ኋላ አለቃ ገብረ ሐና ተብሎ ስሙ በኢትዮጵያ ሁሉ የተሰማ ሊቅ ነው።

ብዙ ሰዎች አለቃ ገብረ ሐናን የሚያውቋቸው በቀልዳቸው ነው። ለነገር ሁሉ ፈጥነው መልስ ይሰጡ ነበረ፤ ቃላቸውም ሰምና ወርቅ ስለ ነበረው የሰማው ሰው አስቀድሞ ይስቃል፥ ኋላም ያስባል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ጨዋታቸው በቤተ መንግሥትም በገጠርም ይወራ ነበረ። ነገር ግን ሰው በቀልድ ብቻ ሊቅ አይባልም። ከሳቁ በፊት ብዙ የድካም ዓመታት ነበሩ።

በዚያ ዘመን ትምህርት የሚሻ ልጅ ወላጆቹን ትቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ ከመምህር ወደ መምህር ይሄድ ነበረ። ቀን እህል ይለምናል፥ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሌሊት ትምህርቱን ያጠናል። ድካሙ በዝቶባቸው ከመንገድ የሚቀሩ ልጆች ብዙ ነበሩ። ገብረ ሐና ግን አልቀሩም። ቅኔንና አቋቋምን፥ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ተማሩ፤ ተምረውም መምህር ሆኑ።

አቋቋም ማለት ካህናትና ደብተሮች በበዓል ቀን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፥ ከበሮም እየተመታ፥ በዜማና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚያገለግሉበት ሥርዐት ነው። ጎንደር የዚህ ትምህርት ዋና ከተማ ነበረች፤ ሊቃውንቷም ከአባቶቻቸው የተቀበሉት እንዳይለወጥ አጥብቀው ይጠብቁ ነበረ። አለቃ ገብረ ሐና ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ሌላ ስልት በልባቸው መጣ። የጣና ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ፥ በዳር ያለውም ሸምበቆ በነፋስ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ሲወዛወዝ ተመልክተው፥ አዲሱን ስልት ከዚያ እንደ ወሰዱት ይነገራል። ማዕበሉን በየቀኑ የሚያይ ሰው ብዙ ነበረ፤ ያስተዋሉት ግን እርሳቸው ናቸው።

ስልቱንም ባወጡ ጊዜ የጎንደር ካህናት አልተቀበሉትም። የቆየው ሥርዐት እንዳይፈርስ ፈርተው ነበረ። ይህም ለአለቃ ገብረ ሐና ከባድ ፈተና ሆነ፤ እንቢ ያሏቸው ባዕዳን ሳይሆኑ በአንድ ትምህርት ያደጉ ወገኖቻቸው ነበሩና። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ተቆጥቶ በጠብ ዘመኑን ይጨርስ ነበረ፥ ወይም ተስፋ ቈርጦ ሥራውን ይተው ነበረ። እርሳቸው ግን ልጃቸውን ተክሌን ጠርተው የስልቱን ነገር ሁሉ አስተማሩት።

ዛሬ የፎገራ ከተማ ከሆነችው ከወረታ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰሜን ወደ ጎንደር፥ አንዱም ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። የአለቃ ገብረ ሐናም ሥራ እንዲሁ ሆነ፤ በጎንደር በኩል ቢዘጋበት በደብረ ታቦር በኩል ዐለፈ። ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ስልቱን አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ። ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ያወጡት አባት ሲሆኑ ስሙ የልጁ ሆነ። አለቃ ገብረ ሐና የፈለጉት ሥራው እንዲቆም እንጂ ስማቸው እንዲጠራ አልነበረምና፥ በዚህ የጎደለባቸው ነገር የለም። እርሳቸው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ዐረፉ፤ የተክሌ አቋቋም ግን እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይታያል።

ሰውን የሚያስሩ ገመዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ሌሎች ሰዎች አይሆንም ሲሉ የሚያስሩት ነው፤ ሁለተኛው ራሱ በልቡ አይሆንልኝም ሲል የሚፈትለው ነው። የመጀመሪያው ይበጠሳል፤ ሌላ ስፍራ፥ ሌላ ጊዜ፥ ሌላም ሰው ይገኛልና። ሁለተኛውን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚፈታው የለም። ጕልበትና ጠብ ወንድነት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አለቃ ገብረ ሐና ግን ወንድነታቸውን ያሳዩት የጀመሩትን በትዕግሥት በመፈጸም ነው። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ንባብ የከበደው ከእናንተ ማንም ቢኖር አልችልም ብሎ መጽሐፉን አይጠፍ፤ ዛሬ ያልተነበበው ቃል ነገ ይነበባልና።