ዐማር አል-መውሲሊና ክፍቷ መርፌ

ረመዷን ሲገባ ቁርኣን ከየመደርደሪያው ይወርዳል። በየመስጂዳችን ግን ሙስሐፉን ከፍተው ፊደሉ በጭጋግ የሚሸፈንባቸው አባቶችና እናቶች አሉ። የዓይን ሞራ ነው። ብዙዎቹ የአላህ ቀደር ነው ብለው ዝም ይላሉ። ቀደር መሆኑን እኛም እናምናለን፤ መታከሙም ከቀደር ነው።

ዐማር ኢብን ዐሊ የተወለደው ኢራቅ፣ ሞሱል ከተማ ነው። ዓይን እያከመ ብዙ አገር ዞሮ ግብጽ ገባ። ጊዜው ከ386 እስከ 411 ዓመተ ሂጅራ የገዛው የፋጢሚዩ አል-ሓኪም ዘመን ነበር። ስለ ዓይን ሕመሞች ሕክምና ኪታብ የጻፈውም በዚሁ ዘመን ነው።

ያኔ ሐኪሞች ሞራውን በመርፌ ገፍተው ከብሌኑ ፊት ወደ ታች ያወርዱት ነበር። ሞራው ተመልሶ እንዳይወጣም ታማሚው ለቀናት በጀርባው ይንጋለላል። ዐማር ግን ውስጧ ክፍት የሆነ መርፌ ሠራ። ሠርቶም ዝም ብሎ አልተጠቀመባትም፤ ፍልስጤም ውስጥ ጠበሪያ እስኪደርስ በማንም ላይ አልሞከራትም። እዚያ አንድ ሰው መጣና እንዲያክመው፣ በጀርባው መተኛት ግን ፈጽሞ እንደማይችል ነገረው። ዐማር መርፌዋን አነሳ፤ ሞራውን መጥጦ አወጣው። ሰውየው ወዲያው አየ። እንደፈለገው ተኛ፤ ዓይኑ ብቻ ለ7 ቀን ታሰረ። እኛ ከብልሃቱ ይልቅ የምትጠቅመው ሰው እስኪመጣ መታገሱን እናደንቃለን። በኋላ ግብጽ ውስጥ ብዙዎችን በዚችው መርፌ አከመ።

አንድ ነገር ግን ተሳስተው ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ሞራን ወደ ዓይን የሚወርድ ውሃ ይሉት ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የሚደፈርሰው የዓይኑ ሌንስ ራሱ ነው። በውስጡ ያሉት ክሪስታሊን የተባሉ ፕሮቲኖች፣ ልክ የእንቁላል ውሃ ሲበስል እንደሚነጣው፣ እየተጣበቁ ብርሃን ይከለክላሉ። ይህን ጥርቅም የሚፈታ ጠብታ ተመራማሪዎች እየፈለጉ ነው፤ በሰው ላይ መሥራቱ የተረጋገጠ ግን እስካሁን የለም። ሞራ ያሟሟል የሚል ሻጭ ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የሚሠራው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ሌንሱ በድምፅ ሞገድ ይሰባበርና እንደ ዐማር ዘመን ተመጥጦ ይወጣል፣ በምትኩም ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። አብዛኛው ታማሚ በዚያው ቀን ቤቱ ይመለሳል።

ከሕክምናው በኋላ ስለሚታዘዘው ጠብታ ለሚጠይቁን፦ በሻፊዒዮችና በሐነፊዮች ዘንድ ዓይን ላይ የሚደረግ ጠብታ ጾም አያፈርስም።