የቡሄ ማለዳው ጨለማ እና ሄርማን ፎግል

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ከወደቁ አራት ወር አልፏል። የእንግሊዝ ጦር በመጣበት መንገድ ወደ ባሕር ተመልሷል። ሀገሪቱ በክረምቱ ደመና ሥር ሆና ዙፋኑ ለማን እንደሚጸና ትጠባበቃለች። በዚያ ክረምት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት በቡሄ ዕለት፣ ፀሐይ ስትወጣ የጨረቃ ጥላ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አረፈ። ጥላው እዚህ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ፤ ባሕሩን ተሻግሮ የኤደንን ወደብ አጨለመ፤ ከዚያም የዓረብን ባሕር አቋርጦ ሕንድን፣ ቀጥሎም ሲያምን ዳሰሰ። የብርሃን በዓል በሚባለው ዕለት ብርሃን መጥፋቱ የዘመን አቆጣጠር ያመጣው ግጥምጥሞሽ ነው፤ ይሁንና ታሪክን ለሚወድ ሰው ሳያነሡት የሚያልፉት አይደለም።

ከኢትዮጵያ ጠረፍ ማዶ፣ በኤደን ዐለታማ ዳርቻ ላይ፣ ያን ጥላ በድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ አንድ የሠላሳ አራት ዓመት ጀርመናዊ ነበር። ስሙ ሄርማን ቪልሄልም ፎግል ይባላል። እጁ የያዘው መነጽር ወይም ጠመንጃ አልነበረም። የፎቶግራፍ ማጠቢያ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ነበር።

ፎግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 1834 በብራንደንቡርግ፣ ዶብሪሉግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ፎቶግራፍ ለዓለም የተዋወቀው እርሱ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው፤ ሰውየውና ሙያው አብረው አደጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በበርሊን ኬሚስትሪ ተማረ፤ በዩኒቨርሲቲው የማዕድን ቤተ መዘክርም ረዳት ሆኖ አገለገለ። በ1863 ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕረግ ያገኘበት ጽሑፍ የብር ጨዎች ብርሃን ሲያርፍባቸው ስለሚሆኑት ነገር የሚመረምር ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ እንደ እጅ ሙያ እንጂ እንደ ትምህርት አይቆጠርም ነበር። ፎግል ግን ማኅበር አቋቋመ፤ የሙያ መጽሔት መሠረተ፤ ከ1864 ጀምሮም በበርሊን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍን ማስተማር ያዘ።

ታዲያ የብር ጨው የሚመረምር መምህር በነሐሴ ሐሩር ኤደን ድረስ ምን አመጣው? ምክንያቱ ፀሐይ ናት።

ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ፣ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነቻት፣ በሌላ ጊዜ በብርሃኗ ብዛት የማይታዩ ነገሮች ይገለጣሉ። አንደኛው በዙሪያዋ የሚዘረጋው ነጭ አክሊል ነው። ሁለተኛው ከጠርዟ የሚወጡት እሳት መሰል ቀያይ ልሳናት ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላና በአካባቢዋ የታየው ግርዶሽ ከዚህ ይለያል፤ ያኔ ጨረቃ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም፤ ቀለበት መሰለው ብርሃን በዙሪያዋ ቀርቷል። ያ ቀለበት ብቻውን አክሊሉንም ልሳናቱንም ለመሰወር፣ በባዶ ዓይን ለሚያየውም ሰው ዓይን ለማጥፋት ይበቃል።

በ1868ቱ ግርዶሽ ግን ጨረቃ ቅርብ ነበረች። ጥላው ረጅም ጊዜ በሚቆይበት በሲያም ባሕር አካባቢ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ ተኩል በላይ ዘልቋል። የሊቃውንቱ ጥያቄም ከባድ ነበር፤ እነዚያ ቀያይ ልሳናት ከምንድን ነው የተሠሩት? ቅርጻቸውስ በየሰዓቱ ይለዋወጣል ወይስ ጸንቶ ይቆያል? የዓይን ምስክር ለዚህ አይበቃም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አይተው ሁለት የተለያየ ሥዕል ይስላሉ፤ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ግን ያየውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በርካታ መንግሥታት በጥላው መንገድ ላይ ሰዎቻቸውን አሰለፉ። ፈረንሳዊው ዣንሰንና እንግሊዛዊው ሻለቃ ቴናንት በሕንድ ጉንቱር ሰፈሩ። የሲያም ንጉሥ ሞንግኩት ግርዶሹን ራሱ አስልቶ እንግዶችን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ጋበዘ፤ እዚያ የያዘው የወባ ንዳድ ግን ከሳምንታት በኋላ ሕይወቱን ቀጠፈው። የሰሜን ጀርመን ቡድን ደግሞ ኤደንን መረጠ።

ኤደን በዚያ ዘመን ከ1839 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ያለች፣ መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚጭኑባት ወደብ ነበረች። ከተማዋ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጠች ናት፤ ዛፍ የላትም፤ ዝናብ በብርቅ ይጎበኛታል። የተመረጠችውም ለዚሁ ነበር። ዝናብ የማያውቀው ሰማይ ጥርት ብሎ ይውላል የሚል እምነት ነበር። የስዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተምና ጉዞው እስከ ግብፅ በመርከብ፣ ግብፅን በባቡር፣ ከስዌዝ እስከ ኤደን እንደገና በመርከብ ነው። ቴሌስኮፑ፣ የብርጭቆ ሰሌዳው፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሁሉ በየወደቡ እየወረደና እየተጫነ፣ ሳይሰበር መድረስ ነበረበት።

ሥራው ዛሬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የማይታመን ነው። ብርጭቆው ኮሎዲዮን በሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይቀባል፤ ጨለማ ውስጥ የብር መድኃኒት ይነከራል፤ ሳይደርቅ ወደ ቴሌስኮፑ ይገባል፤ ብርሃን ከወሰደ በኋላም ሳይደርቅ ወዲያው ይታጠባል። በኤደን ሙቀት ደግሞ እርጥብ ነገር እርጥብ ሆኖ አይቆይም። ሰሌዳው ቀድሞ ከተዘጋጀ ይደርቃል፤ ከዘገየ ጨለማው ያልፋል። በኤደን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትሸፈነው ለሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ፎግልና ባልደረቦቹ መፍትሔ ያደረጉት እንደ መድፈኛ መለማመድን ነው። መድፍ የሚተኩሱ ወታደሮች አንዱ ሲያቀብል ሌላው ሲያጎርስ አንድም እንቅስቃሴ እንዳይባክን እንደሚሠለጥኑ፣ እነርሱም ሥራውን ለአራት ከፈሉት። ፍሪትሽ በአንደኛው ድንኳን ሰሌዳ ያዘጋጃል። ዜንከር ሰሌዳውን ከቴሌስኮፑ ያገባል። ቲለ ብርሃኑን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ፎግል በሁለተኛው ድንኳን ያጥባል። ቀናትን በልምምድ አሳለፉ፤ በመጨረሻም በሦስት ደቂቃ ስድስት ፎቶ ማንሣት እንደሚቻል ደረሱበት፤ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ሁለት፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዘም ያለ ጊዜ ብርሃን የሚወስድ። ቴሌስኮፑም ምድር ስትዞር ፀሐይ ከሥፍራዋ እንዳትሸሽበት በሰዓት መዘውር ይመራ ነበር።

በዚህ የሥራ ክፍፍል ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ለዚህ ግርዶሽ ሲል ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ፎግል፣ ግርዶሹ በሚሆንበት ሰዓት ቦታው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ነው። ሌሎቹ ቀና ብለው ሰማዩን ሊያዩ ይችላሉ። እርሱ ግን የሚያየው ብርጭቆውን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። ሰማዩ ግን የተወራለት አልነበረም፤ አብዛኛው ክፍሉ በደመና ተሸፍኗል። ዝናብ የማይጥልባት ኤደን ደመና አላጣችም። ለዘር የሚጠብቀው ዝናብ ቀርቶበት፣ ሰብል አጭዶ በከመረ ማግሥት ሰማዩ የጠቆረበት ገበሬ የእነዚያን ሰዎች ሆድ ያውቀዋል። ተስፋ በቆረጠ ልብ፣ ግን በተለማመዱት ሥርዓት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ፀሐይ ከባሕሩ ወጣች፤ በደመናው መካከልም ገመጥ ተደርጋ ታየች። ከዚያ ቀጭን ማጭድ መሰለች። ሙሉ ጨለማው ሊወድቅ ሲል በደመናው መካከል ክፍተት ተገኘ።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ወደ ፎግል ድንኳን ሲደርስ መድኃኒቱን አፈሰሰበት። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ጠፋ። መብራት አምጡ ብሎ ተጣራ፤ የሰማው የለም፤ በውጭ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ሥራ ይዟል። ወራት የተደከመበት ብርጭቆ በግራ እጁ አለ፤ ደቂቃው ይሮጣል። ሰሌዳውን ሳይለቅ ቀኝ እጁን ከድንኳኑ አውጥቶ በዳሰሳ አንዲት ትንሽ የዘይት ኩራዝ አገኘ። በኩራዟ ብርሃን ሲያየው ምስሉ ብቅ ይል ጀመር። ጥቁር ክብ፤ በአንድ ጎኑ የተደረደሩ እብጠቶች፤ በሌላው ጎን እንደ ቀንድ የቆመ ረጅም የእሳት ልሳን። ለመደነቅ ጊዜ አልነበረም፤ ሁለተኛው ሰሌዳ መጣ፤ ሦስተኛው ተከተለ። ፀሐይ ተመለሰች ተብሎ ሲጮህ ሥራው አልቆ ነበር።

ሦስቱም ሰሌዳዎች ምስል ነበራቸው፤ ደመናው ግን በአንዳንዱ ላይ አሻራውን ጥሏል። ያው ቀንድ መሰል ልሳን ጥላው ዘግይቶ በደረሰባት ጉንቱር በቴናንት ሰሌዳዎች ላይም ተገኝቷል። አንዲት ፀሐይ በሁለት ሩቅ ሀገራት በአንድ ማለዳ ፎቶ ተነሣች ማለት ነው። ዣንሰን በበኩሉ በጉንቱር የልሳናቱን ብርሃን በቀለም በታትኖ መርምሮ የጋለ ጋዝ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ በማግሥቱም ያለ ግርዶሽ ሊያያቸው ቻለ። በዚያ ብርሃን ውስጥ የታየችው ቢጫ መስመር ሄሊየም ተብሎ ለተሰየመው ንጥረ ነገር የመጀመሪያዋ ምልክት ሆና ተመዘገበች። ክብሩ በአመዛኙ ወደ ዣንሰን ሄዷል፤ ይህም ፍትሐዊ ነው። የፎግል ትልቁ ሥራ ገና አልተጀመረምና።

በዘመኑ የነበሩ ሰሌዳዎች አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው። ሰማያዊንና ወይን ጠጅን እንጂ ቢጫን፣ አረንጓዴንና ቀይን አያዩም። አደይ አበባ በዚያ ሰሌዳ ፎቶ ብትነሣ ጠቁራ ትወጣለች፤ ሰማያዊ ጥለት ደግሞ ነጭ ይሆናል። የማለዳ ፀሐይም ብርሃኗ በወፍራም አየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ተጣርቶ ስለሚቀር፣ ለዓይን ደምቃ እየታየች ለሰሌዳው የምትሰጠው ጥቂት ነው። ሊቃውንቱ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለውት ይኖሩ ነበር።

በ1873 ፎግል ከእንግሊዝ የመጡ ደረቅ ሰሌዳዎችን ሲፈትን ያልጠበቀውን አየ፤ ሰሌዳዎቹ ከሰማያዊ ይልቅ ለአረንጓዴ ንቁ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ተበላሽቷል ብሎ ይጥላቸው ነበር። እርሱ ግን ሰሌዳዎቹን አጥቦ ያስለቀቀው ቢጫ ማቅለሚያ እንዳለ አገኘ፤ ማቅለሚያው ሲወጣም ለአረንጓዴ የነበራቸው ንቃት አብሮ ጠፋ። ምክንያቱ ማቅለሚያው ነው ማለት ነው። ማቅለሚያው የሚውጠውን ብርሃን ለብር ጨው ያቀብላል። ፎግል ሌሎች ማቅለሚያዎችን ሞከረ፤ አንዱ ሰሌዳውን ቢጫ እንዲያይ፣ ሌላው ቀይ እንዲያይ አደረገው። በየሀገሩ ያሉ ባለሙያዎች ውጤቱን ለመቀበል አንገራገሩ፤ በኋላ ግን በሌሎች እጅም ተደግሞ ጸና። የቀለም ፎቶግራፍና የቀለም ፊልም የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ጥላን ማሳደዱንም አልተወም። በ1875 እስከ ኒኮባር ደሴቶች ድረስ ሌላ ግርዶሽ ተከትሎ ሄደ፤ በዚያ ግን ደመናው አልተከፈተም። በ1887 ደግሞ ግርዶሽ ራሱ ወደ ጀርመን መጣ፤ እንደ ኤደኑ ሁሉ በፀሐይ መውጫ ላይ። የበርሊን ሕዝብ በሌሊት ወጥቶ ቢጠብቅም ብዙው ያየው ደመና ብቻ ነበር።

በመምህርነቱ ብዙዎችን አፍርቷል። ከእነርሱ አንዱ መካኒክስ ሊያጠና በርሊን መጥቶ የፎግልን ክፍል የተቀላቀለው አሜሪካዊው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ነው፤ በኋላ ፎቶግራፍ ከሥዕል እኩል በጥበብነት እንዲቆጠር የታገለው ሰው። ፎግል በ1884 የተቋሙ የፎቶ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነ፤ ለቀለም ንቁ የሆኑ ሰሌዳዎችም በዚያው ዓመታት ለገበያ መቅረብ ጀመሩ።

ሄርማን ፎግል ታኅሣሥ 17 ቀን 1898 በስድሳ አራት ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ ከሱቅ የሚገዙ ሰሌዳዎች ቢጫንና አረንጓዴን ማየት ችለዋል። ቀይን አሟልተው የሚያዩት ለገበያ የበቁት እርሱ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።